በሁዳዴ የተለካ ጎማ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች አዳራሽ ሰብስበው «እስቲ ጋሼ፣ ከሥራ ዘመንዎ ጥቂት ያጫውቱን» አሉኝ። እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ መኪና ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ቆሞ መናገር ከየት ይምጣልኝ? «እንግዲያው ወለሉ ላይ ጋደም ልበልና ልንገራችሁ» ብላቸው ሳቁ፣ አጨበጨቡ፣ ለስላሳቸውን ጠጥተው ተበተኑ። እኔም ቤቴ ገባሁ። ቤቴ ውስጥ «ምን አልሃቸው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ ያላልኋቸውን እዚህ ላይ እጽፈዋለሁ። የአንዲት ትንሽ መኪና ጎማ ነገር ነው። አንዳንድ ሰው ዕድሜውን በዘመቻ ይቆጥራል፣ አንዳንዱ በልጆቹ፤ እኔ በአራት የጎማ ቸርኬ እቆጥራለሁ።

ሥራ የያዝሁት በጃንሆይ ዘመን፣ ንፋስ መውጫ በነበረው የመንገድ ሥራ ጋራዥ ነው። ጋራዥ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሦስቱ ግድግዳ ቆርቆሮ፣ አራተኛው ነፋስ ነበር። ደመወዜ ለሽሮና ለሳሙና ትበቃ ነበር፤ ሳሙናው ግን ከእጄ ላይ ያወጣው ነገር አልነበረም። በቅጥር ደብዳቤዬ «ረዳት መካኒክ» ተብሏል። ረዳትነቴን ሁሉም አምነውበታል፤ መካኒክነቴን ግን ባሻ ወርቅነህ አምስት ዓመት ሙሉ አላመኑበትም።

ባሻ የጋራዡ ዋና ባለሙያ ነበሩ። ብየዳና የቸርኬ ሥራ በጣልያን ጊዜ ጎንደር የተማሩ፣ አጠር ያሉ፣ ንግግራቸውም አጠር ያለ ሽማግሌ። መኪና ሲገባ እንደኛ ዘለው መፍቻ አያነሡም። በርጩማቸውን ያመጣሉ፣ ከመኪናዋ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ያያሉ። ሾፌሩ ይቁነጠነጣል።

«ባሻ፣ እንዲያው ምኗን ነው የሚያዩት?»

«አንተ የታመመች እናትህን ስትጠይቅ በር ላይ ቆመህ ነው እንዴ? ልቀመጥ እንጂ።»

ጥያቄ ሲጠየቁ ደግሞ እጃቸውን ሳይታጠቡ አይመልሱም። «እጁ ያደፈ ሰው ችኩል ነው» ይላሉ። ስለዚህ ከባሻ አንዲት «አዎ» ለማግኘት ሩብ ሰዓት እንጠብቃለን፤ ውኃው ከወንዝ የሚቀዳ ሲሆን ደግሞ ግማሽ ቀን።

ከሁሉ የሚደንቀኝ አለካካቸው ነበር። ጎማው ከላዩ ካለው ክዳን፣ ከፓራፋንጎው፣ ምን ያህል እንደሚርቅ ለማወቅ ከቤተ ክርስቲያን የተረፈ የጧፍ ሰም ለምነው ያመጣሉ። በመዳፋቸው ያሹታል፣ የባቄላ ፍሬ እያሳከሉ ከፓራፋንጎው ከንፈር ሥር ይለጥፉታል፣ መኪናዋን ጉድባ ያሻግሯታል። ስትመለስ ሰሙን ያያሉ፤ ከተጨፈለቀ ጎማው እዚያ ደርሷል ማለት ነው። «ሰም አይዋሽም» ይላሉ። ሰሙን ገና ሳያሹ ግን ሁልጊዜ የሚያስቀድሟት ጥያቄ አለች፦ «ማን ይሳፈርባታል? ምን ይጫንባታል?» አንድ ጊዜ የገብስ መኪና ሲለኩ ጭነት ስላልነበረ ድንጋይ አስጫኑን፤ ድንጋዩ አልበቃ ሲላቸው እኛን፣ ዘበኛውን፣ በመንገድ ያልፉ የነበሩ ሁለት ደብተራዎችንም ጫኑ። ደብተራዎቹ ለምን ተሳፍረው ለምን እንደወረዱ እስከ ዛሬ የሚያውቁ አይመስለኝም።

በአምስተኛው ዓመቴ ባሻ «ለሥጋ የሠራሁት ይበቃል» ብለው እዚያው አገራችን ካለው ቤተ ልሔም ደብር ሄደው መነኮሱ። በርጩማቸውን ለእኔ ተዉልኝ። ቶሎ ብዬ ተቀመጥሁበት፤ ዕውቀት በመቀመጫ በኩል የሚገባ መስሎኝ።

በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ አዲስ ዳኛ ተሾመው መጡ፤ አቶ ሰይፉ ይባላሉ። ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ፣ ገና ያላገቡ። አንድ ትልቅ ሰው ፊት የማይነገር ነገር ተናግረው ነው አሉ ወደኛ የተላኩ፤ እሳቸው ግን «ለአየር ለውጥ ነው» ይሉ ነበር። አየር እንኳ አላጣንም። ይዘውት የመጡት ንብረት መጻሕፍትና አንዲት አረንጓዴ የስፖርት መኪና ነው፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው። የመጣች ዕለት ገበያው ተፈትቶ ከበባት። አንዲት ገብስ ሻጭ እማማ ዞር ዞር ብለው አዩዋትና፣

«ምነው ልጆቼ፣ ጡት ሳትጥል ነው እንዴ ከእናቷ የለያችኋት?» አሉ።

እሑድ እሑድ አቶ ሰይፉ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ፤ አይነዷትም። አንድ ቀን ቀረብ አልሁና፣

«ጌታዬ፣ ሞተሯ እምቢ አለ እንዴ?» አልኋቸው።

«ሞተሯ ደህና ነው። የት ልሂድ?»

«ወደየትም ነዋ።»

«ከአውራው መንገድ ወዲያ ወደየትም የሚወስድ ጎማ የላትም» አሉና ከጎናቸው ያለውን ባዶ ወንበር መታ መታ አደረጉት። «ግባ እስቲ፤ ቆመህ ከምታወራኝ።»

ገባሁ። ያን ቀን ከቆመች መኪና ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን ሰው ሲያልፍ አየን። ለካ ብቸኝነት ሹመት አይፈራም!

የእኔን ጉድ የነገርኋቸው እዚያው ወንበር ላይ ነው። በጥቅምት ወገዳ ወርጄ ነበር፤ የግራዝማች ታፈረ የወፍጮ ሞተር ተበላሽቶ። ልጃቸው አምሳል ጠላ ይዛልኝ መጣች። ጣሳውን ስቀበላት እጄን አየችና፣

«አንተ፣ ክርስትና ያነሡህ በሞተር ዘይት ነው እንዴ?» አለች።

«ሜሮኑ አልቆባቸው ነው» አልኋት።

ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም የሦስት ቀኑን ሥራ ዘጠኝ ቀን ሠራሁት። ልሄድ ስል በአጥሩ በኩል ቀስ ብላ «ሰው ላክ» አለችኝ። ሽማግሌ ላክና ጠይቀኝ ማለቷ ነው። ሁለት ቃል ናት፤ ከወገዳ እስከ ንፋስ መውጫ ያለውን ዳገት ሳይታወቀኝ አወጣችኝ።

ግራዝማች ግን ጠያቂ በዝቶባቸው ነበር፤ አንድ ባለ ብዙ በቅሎ የእህል ነጋዴም ለልጁ እንዳሰባት ይወራል። እሳቸው «ጾሙ ይፈታ። በዳግማ ትንሣኤ ዕለት የመጣውን እሰማለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን የሚመጣ አይምጣ» አሉ። ቃላቸውን እንደ ቡሎን አጥብቀው የሚያስሩ ሰው ናቸው።

«እኔ ሽማግሌ እሆንሃለሁ» አሉ አቶ ሰይፉ። «ጎማ ብቻ ሥራላት፤ በዚህችው እንሄዳለን።»

በቅሎ ለምኖ መላክ ይቻል ነበር። ዳሩ እኔ ራሴ ጎማ የሠራሁላት መኪና ከአምሳል አባት ደጅ ስትቆም፣ ሰው ሁሉ «ማን ሠራት?» ሲል፣ አቶ ሰይፉም ስሜን ሲጠሩ ይታየኝ ጀመር። ይህን እያሰብሁ በቅሎ የምትባል እንስሳ በዓለም ላይ መኖሯን ረሳሁ።

የጎማውን ነገር ላስረዳ፤ ቶሎ እጨርሳለሁ። ዋሸሁ፤ በዚህ ነገር ቶሎ ጨርሼ አላውቅም። ቸርኬ ሁለት አካል አለው፤ ጎማው የሚለብሰው ቀለበትና መካከሉ ላይ በቡሎን የሚታሰረው ሰሀን። የቀለበቱ ስፋት ለጎማው ልክ ይሁን። ከጠበበ ጎማው መሀሉ ያብጥና ዳርና ዳሩ መሬት አይነካም፤ ከሰፋ ደግሞ ጎኑ ይወጠርና ለድንጋይ ይጋለጣል። ሁለተኛው ነገር የሰሀኑ ቦታ ነው፤ እኛ «ሽሽት» እንለው ነበር። ሰሀኑ ከቀለበቱ መካከል ወደ ውጭ ሲሸሽ ጎማው ከመኪናዋ ሥር ይገባል፤ ወደ ውስጥ ሲሸሽ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። በጣም የገባ ጎማ የመኪናዋን ባሌስትራ፣ ሸክሟን የሚችለውን የብረት ንብርብር፣ ይልሳል። በጣም የወጣ ጎማ ፓራፋንጎውን ይነካል።

የመኪናዋ ቸርኬ አራት ኢንች ስፋት ነበረው። ግቢያችን ውስጥ ከወደቀች ፒክአፕ ላይ አምስት ተኩል የሆኑ፣ ከፍ ያለ ጎማ የለበሱ ቸርኬዎች አገኘሁ። ከፍታው ሆዷን ከድንጋይ ያነሣዋል፣ ስፋቱ አሸዋ ላይ አያሰምጣትም። የቡሎኑ ቀዳዳ ግን አይገጥምም። ስለዚህ የራሷን ሰሀን ቆርጬ ከሰፊው ቀለበት ውስጥ መበየድ ነበረብኝ። የት ላይ ልበይደው? ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ባሻ ቢሆኑ የተረፈውን ስፋት አብዛኛውን ወደ ውስጥ ይሰጡት ነበር፤ ለዚያ ግን የባሌስትራውን ማሰሪያ ፈትቶ መሞረድ ያስፈልጋል፤ የሁለት ሳምንት ጣጣ ነው። ወደ ውጭ ከወጣ ምንም መሞረድ የለም። ደግሞም ያምራል! ከኋላ ሲያዩዋት ትግል ሊገጥም እግሩን የከፈተ ጎረምሳ ትመስላለች። ስፋቱን ወደ ውጭ አወጣሁት።

ብየዳውን ግን በወጉ ሠራሁት፤ በዚህ ማንም አያማኝም። ሰሀኑን በአራት ቦታ ነካ ነካ አድርጌ አያያዝሁት፤ መኪናዋ ላይ አስሬ አሽከረከርሁት፤ ከቀለበቱ ጠርዝ አጠገብ ምስማር አቁሜ የት እንደሚቀርብ፣ የት እንደሚርቅ አየሁ፤ በመዶሻ አቀናሁት። ከዚያ አንድ ጣት ከዚህ፣ አንድ ጣት ከትይዩው እያልሁ በየድሁ። ባሻ «ብየዳ እንደ ሐሜት ነው፤ በአንድ ጎን ከበዛ ሁሉን ያጣምማል» ይሉ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ሁዳዴ ወደ ማብቂያው ተጠግቷል። አቶ ሰይፉ የከተማ ሰው ናቸው ብለን ስናማቸው ከኛ ብሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ሆነው ተገኙ። ድሮም ቀጭን ነበሩ፤ ያኔ ቀበቷቸው ሁለት ጊዜ ሊዞራቸው ደርሷል። እኔም በጾሙም በሐሳቡም ከስቼ ሱሪዬን በገመድ ነበር የማስረው። ሁለታችን ተደምረን አንድ የጠገበ ሰው አንሞላም። ሰሙን አሸሁ፣ ለጠፍሁ፣ ሁለታችን ገብተን የገበያውን ጉድባ ሦስት ጊዜ ተሻገርነው። ወርጄ ሰሙን አየሁት። አልተነካም። የአውራ ጣቴ አሻራ እንኳ እንዳለ ነበር።

«እንዴት ነው?» አሉ አቶ ሰይፉ።

«ሰም አይዋሽም» አልሁ፣ የባሻን ድምፅ አስመስዬ። እጄን ግን አልታጠብሁም።

ሁለተኛው ሽማግሌ አለቃ ምሕረቱ ሆኑ፤ የደብራችን አለቃ ናቸው፣ ግራዝማችም ያከብሯቸዋል። አለቃ ሲጾሙ እንኳ የማይከሱ፣ ከፋሲካ ወዲያ ደግሞ የሚያስፈሩ ሰው ነበሩ። በዳግማ ትንሣኤ ጠዋት መጡ፤ ወገዳ ላለች እኅታቸው የሚወስዱትን ሙክት እየጎተቱ።

«አለቃ፣ በጉ እንኳ ይቅር» አልኋቸው።

«እንዴ! እኅቴ ቤት ባዶ እጄን ልግባ? አንተን ልድር ብዬ እኔ ልዋረድ?»

ሙክቱን ከወንበሮቹ ኋላ አሰርነው። አለቃን አቶ ሰይፉ ከውስጥ እየሳቡ፣ እኔ ከውጭ እየገፋሁ አስገባናቸው፤ በሩንም በጉልበቴ ዘጋሁት። አቶ ሰይፉ ራሳቸው ሳምንቱን ሙሉ በየቤቱ የተጋበዙትን ሥጋ ይዘው ነው የተቀመጡ።

ያኔ ጎንበስ አልሁ። በሁዳዴ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ሦስት ጣት ይገባ ነበር። አሁን ትንሿ ጣቴ እንኳ አልገባችም። «ማን ይሳፈርባታል? ምን ይጫንባታል?» ብዬ ሳልጠይቅ፣ ሁለት የጾመኛ አጥንት ጭኜ የፋሲካን መንገድ ለክቻለሁ! «ውረዱ» ማለት ነበረብኝ። ግን በበቅሎ ቢሆን ከትናንት ጀምሮ መነሣት ነበረባቸው፤ «ውረዱ» ካልሁ ቀኑ አለፈ፣ አምሳልም አለፈች።

«ምነው ጎነበስህ?» አሉ አቶ ሰይፉ።

«ምንም። በሰላም ግቡ» አልሁ።

በሥራ ዘመኔ ብዙ አበላሽቻለሁ፤ ሳላውቅ ነው። ያንን ግን አይቼ ነው።

ሁለት ቀን መንገድ መንገድ እያየሁ ቆየሁ። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ በወገዳ በኩል አንዲት በቅሎ ብቅ አለች። ዳኛው ናቸው፣ የተቀደደ ጎማ ከፊታቸው አቅፈው።

«ይቅርታ» አሉኝ ገና ሳይወርዱ። ሹም ይቅርታ ሲለኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ምነው ባልሰማሁት።

ቁልቁለቱ ላይ መኪናዋ በዘለለች ቁጥር የፓራፋንጎው ከንፈር የጎማውን ትከሻ እንደ ማጭድ ሲልጠው ኖሮ አንዱ ፈነዳ። መጠባበቂያው የድሮው ትንሽ ጎማ ነበር፤ እሱን አስረው እያነከሰች ሄደች፤ ብዙም ሳይርቁ ሁለተኛው ፈነዳ። አለቃ በእግር አይሆንላቸውም፤ ዛፍ ሥር ከሙክቱ ጋር ተቀመጡ። ዳኛው በቅሎ ፍለጋ ከመንደር መንደር ዞሩ። ወገዳ የደረሱት በማግስቱ ነው፤ ግራዝማችንም ቤተ ክርስቲያን ደጅ አገኟቸው።

«ቀጠሯችን ትናንት ነበር» አሉ ግራዝማች። «ትናንት ሰው መጣልኝ፤ ቃሌን ሰጠሁ።»

አለቃ ስለ መኪናዋ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ቁልቁለቱ አንድ ሳያስቀሩ አስረዱ። ግራዝማች እስኪጨርሱ ሰሟቸውና፣

«በቅሎ የላችሁም ኖሯል?» አሉ።

በሰላም የደረሰ ሙክቱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ አራቱንም ሰሀን ቆርጬ ወደ ጥንቱ ቀለበታቸው መለስኋቸው። ክረምቱ ሳይገባ አቶ ሰይፉ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ። እኔ እቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ መጻሕፍታቸውን ጭነው፣ በትንንሾቹ ጎማዎች ቀስ እያሉ ሄዱ። እስከ መታጠፊያው ተከተልኋቸው፤ ከዚያ ወዲያ የሚከተሉት ሰው አልነበረኝም።

ቤተ ልሔም ባሻ ዘንድም ሄድሁ። ከዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው።

«መቼ ለካህ?» አሉ።

«በሁዳዴ።»

ተነሡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። «በሁዳዴ ሰው ግማሽ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ክፍተቱ ሲጠብ አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

የእንጀራ አገልግላቸውን ሳብ አደረጉ። «አባቴ፣ ይፍቱኝ» አልሁ።

«እኔ ቄስ አይደለሁም፤ በያጅ ነኝ። በያጅ ደግሞ መፍታት አያውቅም» አሉና እንጀራቸውን ቆርሰው ሰጡኝ።

ከዚያ ወዲያ ደብረ ታቦር ሠራሁ፣ እስቴ ሠራሁ፣ የሥራ አለቃ መጣ፣ የሥራ አለቃ ሄደ። በየደረስሁበት በሁዳዴ የጎማ ልክ አልለካም፤ ግድ ከሆነ ድንጋይ ጭኜ ነው። አንዱ አለቃዬ «ይህ ሰው ጾመኛ ነው» ብሎ አከበረኝ፣ ሌላው «ሰበብ ፈላጊ ሰነፍ ነው» ብሎ ጻፈብኝ። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ሁለተኛው ትንሽ ቀርቧል።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ ወደ ንፋስ መውጫ ተመለስሁ። አንድ ቀን ከወገዳ የመጣ የጭነት መኪና ጎማውን ላሳይ ብሎ ገባ። ከጭነቱ ላይ ሰዎች እግራቸውን ለማፍታታት ወረዱ። አንዷ ጥቁር ለብሳ ሁለት ልጆች ይዛለች።

«አምሳል?»

«አንተ!» አለች። ደነገጠች። «አለህ እንዴ?»

«አለሁ። ማን ሞተብሽ?»

«አባባ። አርባቸውን አውጥተን ነው የመጣን።»

«ነፍስ ይማር።»

ልጆቹ የጋራዡን የውኃ በርሜል ሊያዩ ሄዱ። እሷ ወደ እኔ ዞረችና፣

«ሰው ላክ ብዬህ ነበር» አለች። «ከዳግማ ትንሣኤ ጀምሮ ሦስት ቀን አጥር ሥር ቆሜ ነበር። አባባን ባስጠይቃቸው 'ከንፋስ መውጫ ማንም አልመጣም' አሉ። በዚህ ሁሉ አገር አንድ ሽማግሌ ጠፋብህ?»

ነገሩ ሁሉ አፌ ላይ መጣ፤ ጎማው፣ ቁልቁለቱ፣ ሙክቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ። ግራዝማች ለምን እንደዚያ እንዳሉ ገባኝ፤ መጥቶ ከተመለሰ ሰው ይልቅ ያልመጣ ሰው ቶሎ ይረሳል ብለው ነው። አሁን አፈር ከቀመሱ አርባ ቀናቸው ነው። «አባትሽ ዋሽተውሻል» ልበላት?

«ፈራሁ» አልኋት።

«ፈራህ?»

«ድሀ ነበርሁ። ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ።»

«አየ!» አለች። «እንደ ምላስህ ልብ ቢኖርህ ኖሮ!»

ልጆቿን ጠርታ ወደ ጭነቱ ላይ ወጣች። ሾፌሩም «ጋሼ፣ ጎማውን እይልንና እንሂድ፤ መሽቶብናል» አለኝ፣ ፀሐይ ገና አናት ላይ ሳለች። መፍቻዬን ይዤ ከኋላ ጎማ ጀመርሁ። የነጠላዋ ጫፍ ከሳንቃው ላይ ተንጠልጥሎ ይታየኛል። የቡሎኖቹን ዳዶዎች አንድ በአንድ ሞከርኋቸው፤ ሁሉም ጥብቅ ናቸው። መኪናዋን ዞሬ ጨረስሁና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርሁ።

«ጋሼ፣ አልጨረስህም እንዴ?» አለ ሾፌሩ።

«አንድ ቀርቶኛል» አልሁት።

ምንም አልቀረኝም ነበር።